የባቡር ካርታ በምን ይመዘናል?

የከተማ ባቡር ካርታ ዋና ሥራ መንገደኛው ከቆመበት ጣቢያ ወደሚሄድበት ቦታ እንዴት እንደሚደርስ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እንዲረዳ ማድረግ ነው። የትኛውን መስመር ልያዝ፣ ወደ የትኛው አቅጣጫ ልሳፈር፣ የት ልቀይር፣ የት ልውረድ የሚሉት አራት ጥያቄዎች ከተመለሱ ካርታው ግዴታውን ተወጥቷል። ይህን ለማድረግ ግን ከከተማው ላይ ብዙ ነገር መተው ይኖርበታል። መንገዱን፣ ሕንፃውን፣ ዳገቱን፣ አብዛኛውን ጊዜም እውነተኛውን ርቀት ይጥላል። ስለዚህ አንድን የባቡር ካርታ የሚገመግም ሰው መጀመሪያ መመርመር ያለበት ካርታው የተወውን ነገር ነው። የተተወው ነገር ለመንገደኛው ሸክም አቀለለለት ወይስ አሳሳተው? የካርታው ማማርና አለማማር ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ዛሬ በየአገሩ በጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚታየው የካርታ ዓይነት መነሻው ለንደን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ መስመሮቹን በእውነተኛ ጠመዝማዛቸው፣ ጣቢያዎቹንም በእውነተኛ ርቀታቸው ያሳይ ነበር። ችግሩ የከተማው መሃል ላይ ነበር። በመሃል ከተማ ጣቢያዎች ተጠጋግተው ስለሚገኙ ስሞቻቸው ተደራርበው አይነበቡም፤ በዳርቻው ደግሞ ጥቂት ጣቢያዎች በሰፊ ባዶ ወረቀት ላይ ተበትነው ይቀራሉ። ሃሪ ቤክ የተባለ፣ በባቡሩ ድርጅት የምልክት ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ ንድፍ ይሠራ የነበረ ባለሙያ በ1931 ሌላ መንገድ አሰበ። መስመሮቹን በሙሉ አግድም፣ ቁልቁል ወይም በ45 ዲግሪ የተጋደሙ ብቻ አደረጋቸው። መሃል ከተማውን አሰፋ፣ ዳርቻውን ሰበሰበ፣ በጣቢያዎቹ መካከል ያለውንም ርቀት ተቀራራቢ አደረገው። ከምድር በላይ ካለው ነገር ያስቀረው የቴምዝን ወንዝ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን በቀጥታ መስመሮች ሣለው።

ድርጅቱ መጀመሪያ ንድፉን አልተቀበለውም ነበር፤ ሕዝቡ እንዲህ ካለው ነገር ጋር የሚግባባ አልመሰለውም። በጥር 1933 በኪስ የሚያዝ ካርታ ሆኖ ሲታተም ግን 750,000 ቅጂ ወጣ፤ ሕዝቡም ወዲያው ወደደው። የቤክ መነሻ ሐሳብ ቀላል ነው። ከመሬት በታች ያለ ሰው ከላይ ያለው መንገድ ወዴት እንደሚታጠፍ ማወቅ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የጣቢያዎቹ ቅደም ተከተልና የመቀየሪያ ቦታዎቹ ናቸው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እውነትነቱ የሚጸናው ሰውየው ከመሬት በታች እስካለ ድረስ ነው።

ከጣቢያ የወጣ መንገደኛ እንደገና የከተማው ሰው ነውና። በለንደን ካርታ ላይ ኮቨንት ጋርደንና ሌስተር ስኩዌር እንደማንኛውም ጎረቤት ጣቢያዎች ተራርቀው ይታያሉ፤ በእውነቱ ግን በመካከላቸው ያለው 260 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ እንግዳ ትኬት ቆርጦ፣ በአሳንሰር ወርዶ፣ ባቡር ጠብቆ በእግሩ በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሰውን መንገድ በባቡር ይሄዳል። ተመራማሪው ዣን ጉዎ በ2011 ባወጣው ጥናት ጉዳዩ ከእንግዶች ያለፈ መሆኑን አሳይቷል። የለንደን ተሳፋሪዎች ከሁለት መንገድ አንዱን ሲመርጡ፣ በካርታው ላይ የሚታየው ርዝመት መንገዱ በእውነት ከሚወስደው ጊዜ ሁለት እጥፍ ያህል ውሳኔያቸው ላይ ይጫናል። በሳምንት አምስት ቀንና ከዚያ በላይ በባቡሩ የሚጓዙ ሰዎች እንኳ ከራሳቸው ልምድ ይልቅ ካርታውን ያምናሉ። በአንድ ከተማ በቀን ሚሊዮኖች የሚጓዙ ከሆነ፣ የንድፍ ባለሙያው በወረቀት ላይ አንድ መስመር ሲያሳጥር ብዙ ሺህ ሰው ወደዚያ መስመር እየላከ ነው። ይህ ኃላፊነት ከባድ ነው። ካርታን እንደ ጌጥ መገምገም የማይበቃውም በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ምን ያህሉን የከተማ መልክ ማስቀረት ይገባል? በዚህ ጥያቄ ላይ ከኒው ዮርክ የበለጠ የተሟገተ ከተማ የለም። በ1972 ጣሊያናዊው የንድፍ ሰው ማሲሞ ቪኜሊ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ካርታ ወጣ። እያንዳንዱ የባቡር አገልግሎት የራሱ ቀለምና የራሱ መስመር ነበረው፤ ማዕዘኖቹ 45 እና 90 ዲግሪ ብቻ ነበሩ፤ እያንዳንዱ ጣቢያ በጥቁር ነጥብ ተመለከተ። መስመሩ ላይ ነጥብ ካለ ባቡሩ ይቆማል፤ ከሌለ ያልፋል። እንደ ንድፍ ሥራ ዛሬም ድረስ የሚደነቅ ነው። የኒው ዮርክ ሰው ግን አልተቀበለውም፤ ምክንያትም ነበረው።

ሴንትራል ፓርክ ርዝመቱ የወርዱ አምስት እጥፍ ያህል ነው፤ በቪኜሊ ካርታ ላይ ወደ ካሬ የተጠጋ፣ ያውም ግራጫ ሆኖ ተሣለ። ውሃውም ሰማያዊ አልነበረም። ይህ እንኳ ከመልክ ያለፈ ጉዳት የለውም ይባል። የሃምሳኛ ጎዳና ጣቢያዎች ጉዳይ ግን ከዚህ የከፋ ነው። በዚህ ስም የሚጠሩ ከአንድ በላይ ጣቢያዎች አሉ፤ የብሮድዌይ መስመሩ ጣቢያ በእውነት ከስምንተኛ ጎዳናው ጣቢያ በስተምሥራቅ ሲገኝ፣ ካርታው ላይ በስተምዕራብ ተቀመጠ። ካርታውን አምኖ የወጣ ሰው በተሳሳተ አቅጣጫ ይራመዳል። የኒው ዮርክ ጎዳናዎች በቁጥርና በቀጥታ የተዘረጉ ስለሆኑ ነዋሪው ከተማውን በአእምሮው ሥሎ ይዞታል፤ በለንደን ግን ጎዳናው ራሱ የተጠማዘዘ ስለሆነ ካርታው ቢያቃናው የሚጣላው ሰው ጥቂት ነው። አንድ ዓይነት ንድፍ በአንዱ ከተማ ሠርቶ በሌላው የወደቀው ከዚህ ልዩነት የተነሣ ነው።

በሚያዝያ 1978 በኩፐር ዩኒየን አዳራሽ ቪኜሊና የካርታ ኮሚቴውን የሚመራው ጆን ታውራናክ በሕዝብ ፊት ተከራከሩ። በቀጣዩ ዓመት በማይክል ኸርትዝ ድርጅት የተሣለው፣ ፓርኩንና ወንዙን፣ የዋና ዋና ጎዳናዎችንም አቅጣጫ ወደ እውነቱ የመለሰው ካርታ ወጣ። እሱም ግን በነፃ አልመጣም። በማንሃተን አንድ ጎዳና ሥር የሚሄዱት አገልግሎቶች በአንድ ቀለምና በአንድ ወፍራም መስመር ተጠቃለሉ፤ ለምሳሌ 4፣ 5 እና 6 የሚባሉት ባቡሮች በአንድ አረንጓዴ መስመር ሆኑ። እዚህ ጣቢያ 5 ቁጥር ይቆማል ወይስ ያልፋል የሚለውን ለማወቅ መንገደኛው በየጣቢያው ስም ሥር የተጻፈውን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ይኖርበታል። የጎዳናው እውነት ተመለሰ፤ የባቡሩ እውነት ተሸፈነ። ይህ ካርታ ከዚያ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ በሥራ ላይ ቆይቶ፣ በሚያዝያ 2025 የከተማው ትራንስፖርት ባለሥልጣን እያንዳንዱን አገልግሎት እንደገና በየራሱ መስመር የሚያሳይ፣ የቪኜሊን መንገድ የሚከተል አዲስ ንድፍ አወጣ። በመካከሉ በእጅ ስልክ ላይ የጎዳና ካርታ ማየት የተለመደ ሆኗል፤ የግድግዳው ካርታ የመንገድ መሪነቱን ሸክም ለስልኩ አውርዶለታል። ቪኜሊ ራሱ ኋላ ላይ ስለ ፓርኩ ሲናገር ጥፋቱ ጭራሽ ማስገባቱ ነበር የሚል አቋም ያዘ። ይህ አስተያየት ለገምጋሚ ትልቅ መመዘኛ ነው። ፓርክን ጨርሶ ያልሣለ ካርታ ማንንም ስለ ፓርክ አያሳስትም፤ ሥሎ ቅርጹን ያጠፋው ግን እውነት ይመስላልና ያሳስታል።

ሙሉ በሙሉ መተውም አደጋ አለው። በመስከረም 2009 የለንደን ካርታ አዘጋጆች ቴምዝን ከካርታው አወጡት። ለባቡር ጉዞ ወንዙ ምንም አይሠራም ከሚል ሐሳብ የተነሣ ይመስላል። ሕዝቡ ተቆጣ፣ ከንቲባውም ተቃወሙ፣ ወንዙ በጥቂት ወር ውስጥ ተመለሰ። የለንደን ሰው ራሱን የሚያውቀው ከወንዙ በስተሰሜን ወይም በስተደቡብ በመሆኑ ነው፤ ያ ሰማያዊ ክር ከሌለ ካርታው የየትኛውም ከተማ ካርታ ሊሆን ይችላል።

የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማክስዌል ሮበርትስ እነዚህን ክርክሮች ወደ መመዘኛ ለመለወጥ ብዙ ደክሟል። የእሱ መመዘኛዎች አምስት ናቸው። የእያንዳንዱ መስመር አቅጣጫ እምብዛም የማይታጠፍ መሆኑ፤ መስመሮቹ ተያይዘው አንድ ግልጽ ቅርጽ መስጠታቸው፤ ጥቅጥቁና ባዶው ቦታ መመጣጠኑ፤ ለዓይን መስማማቱ፤ በመጨረሻም ከእውነተኛው የከተማ አቀማመጥ ጋር በጣም አለመጣላቱ። ከሁሉ ክብደት የሚሰጠው ለመጀመሪያው ነው። ብዙ ንድፍ አውጪዎች የቤክን 45 ዲግሪ እንደ ሕግ ይዘው፣ በዚያ ሕግ ለመግባት ሲሉ መስመሩን ደጋግመው ይሰብሩታል፤ ዓይን በእያንዳንዱ ስብራት ላይ ትቆማለች። የፓሪስ ሜትሮ የዚህ ምሳሌ ነው። መስመሮቹ እጅግ የተጠላለፉ ስለሆኑ ቀጥታ መስመር አያስተናግዳቸውም። ሮበርትስ በለስላሳ ኩርባ ብቻ የተሠራ የፓሪስ ካርታ አዘጋጅቶ ከመደበኛው ጋር ሰዎችን ሲፈትን፣ በኩርባው ካርታ ጉዞ ለማቀድ የወሰደባቸው ጊዜ በጉልህ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው ሰዎቹ የወደዱት ካርታና የተሻለ የሠራላቸው ካርታ ሁልጊዜ አንድ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ የትኛው ያምራል ብሎ ሕዝብን መጠየቅ ካርታን ለመገምገም አይበቃም።

ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚጓዙበት የዋሽንግተን ሜትሮ በእነዚህ መመዘኛዎች ሊታይ የሚገባው ካርታ አለው። ሜትሮው በመጋቢት 1976 በአምስት ጣቢያዎች ሥራ ሲጀምር ካርታውን የሠራው ላንስ ዋይማን ነው፤ የ1968ቱን የሜክሲኮ ኦሎምፒክ መለያ የሠራ ሰው ነው። ንድፉ ከለንደኑ ጋር ሲነጻጸር ደፋር ነው። መስመሮቹ እጅግ ወፍራም ናቸው፤ ጣቢያዎቹ በክብ፣ የመቀየሪያ ጣቢያዎቹም በድርብ ክብ ይታያሉ። ፖቶማክና አናኮስቲያ ወንዞች በሰማያዊ፣ ትልልቆቹ አረንጓዴ ሥፍራዎች በአረንጓዴ፣ ዋይት ሐውስና ካፒቶል በትናንሽ ሥዕል ገብተዋል። የከተማው ወሰንና ከተማውን የሚከብበው አውራ ጎዳናም አሉ። ካርታው ከመንገደኛው ርቆ ቢሰቀል እንኳ የትኛው መስመር ወዴት እንደሚሄድ በአንድ እይታ ይለያል። በሚንቀሳቀስ ባቡር ውስጥ ቆሞ፣ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ለሚያነብ ሰው ይህ ታላቅ ብቃት ነው።

ካርታው የሥርዓቱንም ባሕርይ በሐቅ ይናገራል። ቀዩ መስመር ከሰሜን ምዕራብ ወደ መሃል ከተማ ወርዶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይመለሳል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ቤተዝዳ መሥሪያ ቤቱ ቢሆን፣ ሁለቱ ቦታዎች በአንድ አውራጃ ውስጥ ሆነው፣ በባቡር መካከሉ 16 ጣቢያ አለው። የካርታው ቅርጽ ይህን አይሸሽግም፤ ሁሉም መንገድ በመሃል ከተማ እንደሚያልፍ ያሳያል። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከቤተዝዳ በሲልቨር ስፕሪንግ አድርጎ ወደ ኒው ካሮልተን የሚሄድ፣ 21 ጣቢያዎች ያሉት ሐምራዊ መስመር እየተሠራ ነው።

የካርታው ድክመት የተወለደው ከራሱ ጥንካሬ ነው። ወፍራም መስመር ብዙ ቦታ ይበላል። በሐምሌ 2014 የብር ቀለም ያለው መስመር ሲከፈት፣ ከሮስሊን እስከ ስታዲየም አርመሪ ባሉት 13 ጣቢያዎች ሰማያዊው፣ ብርቱካኑና የብሩ መስመር አንድ ሐዲድ መጋራት ጀመሩ። ሦስት ወፋፍራም መስመሮችን ጎን ለጎን ለማስገባት ዋይማን ራሱ ተጠርቶ መስመሮቹን አቀጠናቸው፤ የመቀየሪያ ክቦቹም ሦስቱን መስመሮች የሚያቅፉ ሆኑ። ሥርዓቱ እያደገ፣ በ2022 የብሩ መስመር እስከ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያና አሽበርን ሲዘልቅ፣ በ2023 ደግሞ 98ኛው ጣቢያ ሲከፈት ወረቀቱ አልሰፋም። ስለዚህ ምዕራባዊው ዳርቻ ይጨመቃል። በመሃል ከተማ በእግር የሚኬድ ርቀትና በቨርጂንያ ዳርቻ በርካታ ኪሎ ሜትር የሚሆን ርቀት በካርታው ላይ ተቀራራቢ ሆነው ይታያሉ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ ሰው ጊዜውን በካርታው ላይ ባለው ርዝመት ከገመተ በረራው ሊያመልጠው ይችላል።

ሌላው ሸክም የጣቢያ ስም ነው። በዋሽንግተን የአካባቢ ሰዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ሐውልቶች ስማቸው በጣቢያው ላይ እንዲገባ ይፈልጋሉ። የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ከሚበዙበት አካባቢ አጠገብ ያለው የዩ ስትሪት ጣቢያ ሙሉ ስሙ በእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉትን ጥቁር አሜሪካውያን የሚዘክረውን ሐውልትና ካርዶዞ የሚባለውን ሠፈር ይጨምራል። መዘከሩ ተገቢ ነው፤ ካርታው ላይ ግን ረጅም ስም የጎረቤቱን ጣቢያ ቦታ ይወስዳል። በ2011 የዋሽንግተን ሜትሮ ባለሥልጣን ያገኘው መፍትሔ ስሙን ለሁለት መክፈል ነበር። ዋናው ስም አጭርና ደማቅ ይሆናል፣ ተጨማሪው ስም ከሥሩ በደቃቅ ይጻፋል። ይህ ጥሩ ዳኝነት ነው፤ ሰው በአፉ የሚጠራው ዩ ስትሪት ነውና።

ፋራጉት የሚባሉት ሁለት ጣቢያዎች ደግሞ ለካርታ ሠሪ ፈተና ናቸው። ፋራጉት ኖርዝ በቀዩ መስመር ላይ፣ ፋራጉት ዌስት በሰማያዊው፣ በብርቱካኑና በብሩ መስመር ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው ትንሽ አደባባይ ብቻ ነው። የሚያገናኛቸው የምድር ውስጥ መተላለፊያ የለም። ከ2011 ጀምሮ ግን በካርድ የሚከፍል ሰው ከአንዱ ወጥቶ በጎዳና ተራምዶ በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ ሌላው ቢገባ እንደ አንድ ጉዞ ይቆጠርለታል። እንዲህ ያለው ነገር በሐዲድ ካርታ ላይ የለም፤ በመንገደኛው ኪስና እግር ላይ ግን አለ። ካርታ ሐዲዱን ነው ወይስ ጉዞውን የሚያሳየው የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይፋ ይወጣል። የጉዞ ካርታ ከሆነ በእግር የሚደረገውም ሽግግር መታየት አለበት።

እስካሁን የተነሡት በየጥቂት ደቂቃው የሚመጡ የሜትሮ ባቡሮች ናቸው። ሠራተኛውን ጠዋት ከሩቅ ዳርቻ ወደ መሃል አምጥተው ማታ የሚመልሱት ባቡሮች ካርታ ሲሆን ግምገማው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ያነሣል፤ መቼ? በሜሪላንድ የሚሠራው ማርክ የተባለው ባቡር ሦስት መስመሮች አሉት። ብራንስዊክ የሚባለው መስመር በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ያልፋል፤ የሚሠራው ግን በሥራ ቀናት ብቻ ነው፣ ጠዋት ወደ ዋሽንግተን፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ዳርቻው። ፔን የተባለው መስመር በቅዳሜና እሑድም ይሠራል። በቨርጂንያ በኩል የሚመጡት ሁለት መስመሮች ደግሞ ቅዳሜና እሑድ አይሠሩም። የሜትሮው ካርታ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ የማርክ ምልክት አለ፤ ምልክቱ ግን ጊዜን አይናገርም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ያንን ምልክት ተከትሎ ወደ መድረኩ የሚወጣ ሰው ባቡር አያገኝም። ምልክቱ ስለ ቦታው ትክክል ነው፤ ስለ ቀኑ ግን ምንም አላለም።

የትራንስፖርት ዕቅድ አማካሪው ጃሬት ዎከር ለዓመታት የሚሟገተው ለዚህ ነው። በእሱ አመለካከት ቶሎ ቶሎ የሚመጣ አገልግሎትና በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚመጣ አገልግሎት በአንድ ዓይነት መስመር መሣል የለባቸውም፤ ድግግሞሹ በመስመሩ ውፍረት ወይም ቀለም መታየት አለበት። ለዳርቻ ባቡር ይህ ከሁሉ የሚበልጥ መመዘኛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሜትሮ ያመለጠው ሰው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል፤ የመጨረሻው የዳርቻ ባቡር ያመለጠው ሰው እዚያው ያድራል።

የቦስተን የዳርቻ ባቡር ካርታ ሌላ የሚመረመር ነገር አለው። ከሰሜን የሚመጡት መስመሮች ሁሉ በኖርዝ ስቴሽን፣ ከደቡብና ከምዕራብ የሚመጡት በሳውዝ ስቴሽን ያበቃሉ፤ ሁለቱን የሚያገናኝ የመንገደኛ ባቡር የለም። ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሻገር ሰው በቀዩ ሜትሮ አንድ ጣቢያ ሄዶ ወደ ብርቱካኑ መቀየር አለበት። የመስመሮቹ ሁሉ ቀለም አንድ ሐምራዊ ስለሆነ፣ ካርታው በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ያለውን ክፍተት አጉልቶ ካላሳየ ዓይን ሁለቱን ወገኖች አንድ አድርጋ ታነባለች። ለንደንም ከተመሳሳይ ችግር ጋር ለዓመታት ኖራለች። ኦቨርግራውንድ የሚባለው የዳርቻ ባቡር ሥርዓት በሙሉ በአንድ ብርቱካናማ ቀለም ስለተሣለ፣ አንድ መስመር ሲቋረጥ የትኛው እንደሆነ ለመናገር እንኳ ያስቸግር ነበር። በ2024 ለስድስቱ መስመሮች የየራሳቸው ስምና ቀለም ተሰጣቸው።

ቀለም ራሱ ሁሉን አይሸከምም። የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ ያህል ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር አለበት፤ ስለዚህ ለንደን ካርታውን በጥቁርና ነጭም ታትማለች። የመስመሩ ስም፣ ፊደል ወይም ቁጥር በመስመሩ ላይ ተጽፎ ከሆነ ቀለም የማይለየውም፣ ካርታውን ቀለም በሌለው ማተሚያ ያወጣውም ሰው ይድናል።

የካርታው አንባቢ ቋንቋውን የማያነብ ሲሆንስ? ሜክሲኮ ሲቲ በ1969 ሜትሮዋን ስትከፍት ለእያንዳንዱ ጣቢያ ዋይማን የነደፈው የሥዕል ምልክት ተሰጠው፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው የሚወርድበትን ጣቢያ በሥዕሉ ያውቀዋል። ቶኪዮ ደግሞ በ2004 ለጣቢያዎቿ ፊደልና ቁጥር ሰጠች። ጃፓንኛ የማያነብ እንግዳ ከሰባት ቁጥር ወደ አሥራ ሁለት ቁጥር ጣቢያ የሚሄድ ከሆነ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ መሄዱንና ስንት ጣቢያ እንደቀረው ቁጥሩ ይነግረዋል። አሜሪካ ወዳሉ ልጆቻቸው ቤት የመጡ፣ የላቲን ፊደል የማያነቡ እናቶችና አባቶች ከዋሽንግተን ካርታ የሚያገኙት የመስመሩን ቀለም ብቻ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግን ከታኮማ የሚለዩበት ምልክት ካርታው ላይ የላቸውም።

በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮችና 39 ጣቢያዎች አሉት፤ ከስታዲየም እስከ ልደታ ባሉት አምስት ጣቢያዎች ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ለካርታ ቀላል የሚባል ሥርዓት ነው። ፈተናው ያለው በስሙና በፊደሉ ነው። ሃያ ሁለት 1ና ሃያ ሁለት 2፣ ጉርድ ሾላ 1ና ጉርድ ሾላ 2 የሚሉ ጣቢያዎች አሉ። ራሱ ቁጥር በሆነ ስም ላይ ሌላ ቁጥር ሲጨመር፣ ሁለቱ ጣቢያዎች በካርታው ላይ ጎን ለጎን ሲውሉ ለመሳሳት ቅርብ ናቸው፤ በአጠገባቸው ያለ አንድ የታወቀ ቦታ ቢጠቀስ ልዩነቱ ወዲያው ይገባል። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ትልቅና ትንሽ የሚባል ቅርጽ የለውም፤ በላቲን ካርታዎች ላይ ዋናውን ጣቢያ በትልቅ ፊደል ማጉላት የሚባለው ዘዴ እዚህ አይሠራም። ማጉላት የሚቻለው በፊደሉ ውፍረት ወይም መጠን ነው። መጠኑ ሲቀንስ ደግሞ ‘ቡ’ን ከ‘ቢ’ የሚለየው ትንሽ ቅጥያ ይጠፋል። ለላቲን ፊደል የሚበቃ መጠን ለግዕዝ ስለማይበቃ፣ በሁለቱም የሚጻፍ ካርታ አማርኛውን ከእንግሊዝኛው እኩል አድርጎ ሳይሆን ከፍ አድርጎ መጻፍ ይኖርበታል።

ይህን ሁሉ በጠረጴዛ ላይ መፍረድ አይቻልም፤ ካርታ የሚፈተነው በሰው ነው። በ1970ዎቹ የሥነ ልቦና ምሁሯ አርሊን ብሮንዛፍትና ባልደረቦቿ የኒው ዮርክን ካርታ ለሰዎች ሰጥተው ወደ ተባለው ቦታ እንዲሄዱ ሲልኳቸው፣ ብዙዎቹ አጭሩን መንገድ አላገኙም። ዘዴው ዛሬም ያው ነው። ከተማውን የማያውቁ ሰዎች ይመረጣሉ፤ ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላ እንዲያቅዱ ይጠየቃሉ፤ የወሰደባቸው ጊዜ ይለካል፤ የመረጡት መንገድ በእውነተኛው ሰዓት አጭሩ መሆኑ ይጣራል። ከጥያቄዎቹ መካከል ቢያንስ አንዱ በእግር መሄድ የሚሻልበት፣ አንዱም ባቡሩ በዚያ ቀን የማይሠራበት ጉዞ ቢሆን ይመረጣል። ካርታው የሚፈተነውም በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ሳይሆን በሚሰቀልበት መጠን ታትሞ፣ በጣቢያው ብርሃን፣ ሰው በሚቆምበት ርቀትና በሚቀመጥ ሰው ቁመት ልክ ተለጥፎ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ መንገደኛ አሳንሰር ያለው የትኛው ጣቢያ እንደሆነ ሳይነሣ ማንበብ መቻሉም አብሮ ይታያል።